ከሠላሳ አምስት በታች

እታለም የሻይ ፔርሙዙን ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ፣ ወንድሟ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ የደም ምርመራ ውጤቷን በቀይ እስክሪብቶ ራይት ሲያደርግ ደረሰች። ፖስታው የእሷ ነበር፤ ስሟም ላዩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ይሁንና በዚያ ቤት የእሷ የሆነ ነገር እሷ እስክትመጣ ተጠብቆ አያውቅም። ወንድሟ የሳሙና ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ጠዋት ማታ ከማብሰያው ናሙና ይቀዳል፣ እርጥበቱን ይለካል፣ ቁጥሩ ከወሰኑ በታች ከሆነ ራይት አድርጎ «አልፏል» ይላል፣ በላይ ከሆነ ያስደፋል። በዚህ ሥራ ላይ ከመቆየቱ ብዛት ዓለም በሙሉ ሳሙና መስሎት ቀርቷል። የልጆቹን የፈተና ወረቀት፣ የጎረቤትን አዲስ አጥር፣ የዜና አንባቢዋን ቀሚስ፣ ሌላው ቀርቶ የቀብር ላይ ንግግር ሳይቀር «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብሎ ይዘጋዋል። የሰፈሩ ሰው በሌለበት «ጋሼ አልፏል» የሚለው ለዚህ ነው፤ እሱ ይህን ቢሰማ ኖሮ ቅጽል ስሙንም መርምሮ ያሳልፈው ነበር።

«ሃያ ስምንት» አለ ለሚስቱ፤ እታለምን ቀና ብሎም አላያት። «ወሰኑ ሠላሳ አምስት ነው። ከሠላሳ አምስት በታች። አልፏል።»

ሚስቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ተመልካች ይፈልጋል። ብድግ ብላ የእታለምን ጉንጭ ሳመች፣ ውፍረት ነው ብዬሽ አልነበረም ወይ አለቻት፣ ውፍረት ደግሞ ያምርብሻል አለቻት፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንድትቀዳም አሳሰበቻት። እታለም ቀዳች። ውፍረት አለመሆኑን ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። ከወራት ወዲህ ሁለት ጊዜ ከቆረሰች ጥግብ ትላለች፣ ሌሊት ሽንት ቤት ስትመላለስ ታነጋለች፣ ፊቷና ክንዷ እየከሳ ቀሚሷ ወገቧ ላይ እምቢ ብሏል። ይህን አንድ ጊዜ ለወንድሟ ነግራው ነበር። እሱም የምትቀመጪበት ወንበር ነው፣ ቀን ሙሉ መጋረጃ ስትሰፊ እየዋልሽ ሆድሽ የት ይሂድ ብሏታል።

ሌላኛው ወረቀት የአልትራሳውንዱ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ዝናብ የመታው መስኮት የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ፎቶዎች አሉት። ወንድሟ አገላብጦ አየውና የዳቦ ቅርጫቱ ሥር ሸጎጠው። ይሄ አስተያየት ነው አለ፤ አንድ ሰው ማሽን ላይ አፍጥጦ የታየውን የጻፈበት ነው፤ አስተያየት ወሰን የለውም፣ ወሰን የሌለውን ነገር ደግሞ ሰው ምን ብሎ ይቆጣጠረዋል? «ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር» የሚል ቁጥር መሐል ላይ ነበረበት፤ ነገር ግን ከስንት ማለፍ እንደሌለበት አጠገቡ ስላልተጻፈ አልቆጠረውም። እታለም ጠረጴዛውን ስታነሳ ወረቀቱን ከቅርጫቱ ሥር አወጣች፣ የዳቦውን ፍርፋሪ አራገፈችለት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማንም አላያትም። በዚያ ቤት ጠረጴዛ ስታነሳ የሚያያት ሰው ኖሮ አያውቅም።

ከሰዓት እንግዳ አለ። ባለ ቀለም መደብሩ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ እታለምን ለትዳር አይታለት እንድትመለስ እህቱን ሊልክ ነው። እህትየዋ ሁለት ነገር ብቻ እንደምትጠይቅ አስቀድማ አስታውቃለች፤ ዕድሜና ጤና። የመጀመሪያዋ ሚስት ብዙ ታማ ነው የሞተችው፤ ወንድሜን ሁለተኛ አስታማሚ አላደርገውም ብላለች። የዕድሜውን ነገር የወንድሟ ሚስት ዓይኗን በጨው አጥባ በስልክ ጨርሳዋለች፤ አርባ ሁለት። የጤናውን ደግሞ ዛሬ ሐኪሟ ራሷ በአንደበቷ ትናገረዋለች። ባልና ሚስቱ አብረዋት ክሊኒክ የሚሄዱት እሷን ብለው አይደለም፤ ያን ቃል በጆሯቸው ሰምተው፣ ትኩስ ትኩሱን ለእንግዳዋ ለማቅረብ ነው። እታለም ከሄደች የኋላዋን ክፍል ትልቁ ልጅ ይወስዳታል። የወለሉ ንጣፍ ተመርጧል። መጋረጃውንም፣ እታለም ባለሙያ ስለሆነች፣ ከመሄዷ በፊት ራሷ እንድትሰፋው ተነግሯታል፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ለወንድ ልጅ የሚሆን። ሰፍታዋለች። ተጣጥፎ አልጋዋ ሥር ተቀምጧል።

እታለም ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው፣ አፍንጫውን የጠረገችለት፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ እየጎተተች ያደረሰችው እሷ ናት፤ እሱ አሁን አርባ ሰባት ደርሷል። እታለም የሚባለው ታላቅ እህት ነው፤ እነሱ ግን ከታናሽ ወንድሟ በአምስት ዓመት የምታንስ ታላቅ እህት ፈጥረዋል። የወንድሟ ሚስት ለዚህም መላ አላጣችም፣ የማቆላመጫ ስም ነው ትላለች። እታለምም ዝም ብላለች። እውነቱን ለመናገር አርባ ሁለት ስትባል ደስ ሳይላት አልቀረም። ባለ ቀለም መደብሩን አይታዋለች። መጋረጃ ሊያዝዝ እሷ የምትሰፋበት ሱቅ መጥቶ፣ ጠዋት ጠዋት ብርሃን እንደሚቀሰቅሰው ነግሯት፣ ወፈር ያለውን ጨርቅ አስመርጧታል። ሲወጣ ያስዘረገፋቸውን ጨርቆች መልሶ አጣጥፎ ነው የሄደው። በሱቁ በቆየችበት ዘመን ሁሉ ያስዘረገፈውን ያጣጠፈ ወንድ እሱ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው አሥራ አንድ ዓመት መቀነስ በዛ አላላትም።

ችግሩ ውሸቱ ቤት ውስጥ አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ክሊኒኩ ውስጥ ካርድ የምታወጣው ልጅ ዕድሜ ስትጠይቅ የወንድሟ ሚስት ቀድማ አርባ ሁለት አለች። ልጅቷ ከባለ ቀለም መደብሩ እህት ጋር አንድ ፀጉር ቤት ነው ፀጉሯን የምትሠራው፤ ወሬ እግር አለው። ልጅቷ ቀጥላ የወር አበባዋ ይመጣል ወይ ብላ ጠየቀች፤ የጠየቀችውም እታለምን ሳይሆን የምታወራውን ነው። «እንደ ሰዓት» አለች የወንድሟ ሚስት። እታለም ያኔ የጫማዋን ጫፍ ታይ ነበር። ከቀረባት አራት ዓመት አልፎታል። ለካርድ ምን ያደርጋል፣ ብላ ነበር ለራሷ፤ ካርድ እኮ ካርድ ነው።

መኪና ውስጥ ወንድሟ መንገዱን ሁሉ ስለ ናሙና አወራ። አንድ ጭልፋ ስለ ሙሉው ጋን ይመሰክራል፤ አንድ ጠብታ ደም ስለ ሙሉው ሰው ይመሰክራል፤ ሳይንስ ማለት ይኸው ነው። ሚስቱ ትሰማው አልነበረም፤ በስልኳ ኬክ ታዝዝ ነበር። ክሊኒኩ ሲደርሱ መቀመጫው ሞልቷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቶ ስለ ጥርስ ማጠቢያ ያስተዋውቃል፣ አንዲት እርጉዝ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታለች፣ አንድ ሰውዬ የሚስቱን የአልትራሳውንድ ፎቶ ወደ መስኮቱ አንስቶ አንዴ ቀጥ አንዴ ዘቅዘቅ እያደረገ ያየዋል። እታለም የእሷን ወረቀት አውጥታ አነበበችው። ግራ እንቁላል ማምረቻ፣ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር፣ ብዙ ክፍል ያለው፣ ጠጣር አካል ያለበት፣ ሆድ ውስጥ መጠነኛ ፈሳሽ። ከዚያ በታች ያለው አልገባትም፤ የገባት ግን ይበቃት ነበር። የወንድሟ ሚስት አጎንብሳ አየችና፣ ወረቀቱን ከእጇ ወስዳ አጥፋ መለሰችላት። ባታነቢው ይሻላል አለቻት፤ ፊትሽ ይገረጣል፣ ከሰዓት ደግሞ ፊትሽ ያስፈልገናል።

የሐኪሟ ክፍል ጠባብ ነው። ለታማሚ ሁለት ወንበር አለ፤ ወንድሟና ሚስቱ ተቀመጡባቸው። እታለም የመመርመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ወጥታ እግሯ ወለሉን ሳይነካ ተንጠልጥላ ተቀመጠች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ አጠገቧ ያለው ሻይ ላይ ቆዳ መሳይ ነገር ተጋግሮበታል። ወረቀቶቹን ተራ በተራ አየች። ከዚያ ደሙ ጥሩ ነው አለች፤ ወንድሟ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሚስቱ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን መፈለግ ጀመረች።

«ግን ደሙ ብቻውን ምንም አይነግረኝም» አለች ሐኪሟ።

ይህ የካንሰር ጠቋሚ የሚባለው ቁጥር ካንሰር ባልሆነ በብዙ ነገር ከፍ እንደሚል ነገረቻቸው። በኢንፌክሽን ይጨምራል፣ በወር አበባ ሰሞን ይጨምራል፣ ምንም በሌለባት ሴት ላይ ሁሉ ይጨምራል። በተቃራኒው ደግሞ ካንሰሩ እያለ፣ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ፣ ቁጥሩ እንደ ጤነኛ ሰው የሚሆንባቸው ሴቶች አሉ። ወንድሟ እንዲህ ያለ መለኪያ በእሱ ፋብሪካ አንድ ቀን አያድርም አላት። ሐኪሟ አልሳቀችም። ኮምፒውተሩን ወደ እታለም አዞረችና በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየቻት፤ ውሃ ብቻ የቋጠረ ቢሆን ድፍን ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር፤ ይሄ ግን መሐሉ ላይ ቀጫጭን ግድግዳዎች አሉት፣ እዚህ ጥግ ላይ ደግሞ ጠጠር ያለ ነገር በቅሎበታል፣ ይሄ ከሥር ያለው ጥቁሩ ስስ መስመር ፈሳሽ ነው። እታለም አየችው። የተከራዩ ክፍሎች ያሉበት ጨለማ ግቢ ይመስላል። ሆዷ ውስጥ ይህን ያህል ክፍል ሲከፋፈል፣ እሷ በወንድሟ ቤት የአንዲት ክፍል ዕዳ ሆና መኖሯ አስገረማት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናባዛለን አለች ሐኪሟ። አንደኛው የደሙ ቁጥር ነው። ሁለተኛው አልትራሳውንዱ ነው፤ እንዲህ ያለ አጠራጣሪ ምልክት ሁለትና ከዚያ በላይ ከታየ በሦስት ይባዛል፤ የእሷ ላይ ታይቷል። ሦስተኛው የወር አበባዋ ነው፤ አሁንም የሚመጣላት ከሆነ በአንድ። ወንድሟ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ከገባ ጀምሮ ሰው የሚናገረው ነገር የሰማው ገና አሁን ነው። ስልኩን አውጥቶ ሐኪሟን ቀደማት፤ ሃያ ስምንት በሦስት፣ ሰማንያ አራት፤ በአንድ፣ ያው ሰማንያ አራት። ወሰኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቃት። ሁለት መቶ አለችው። አልፏል አላት። ሐኪሟም ካርዱን አየት አድርጋ፣ አርባ ሁለት ዓመት፣ የወር አበባ የሚመጣላት፣ እንግዲያው ብዙም አንቸኩልም፣ ከሦስት ወር በኋላ አልትራሳውንዱን እንደግመዋለን አለች፤ መጻፍም ጀመረች። የወንድሟ ሚስት ጤነኛ ናት ማለት ነው አይደል ብላ ጠየቀች። ስልኳ እጇ ላይ ነበር።

«ቀርቶ ቢሆንስ?» አለች እታለም።

ድምፅዋ ቀስ ያለ ስለነበር ሐኪሟ ምን እንዳለች ጠየቀቻት። የወንድሟ ሚስት ግን ሰምታታለች፤ ጉልበቷ የእታለምን እግር ገፋ አደረገው።

«የወር አበባዬ ቀርቶ ቢሆን፣ በስንት ነበር የሚባዛው?»

«እሱም በሦስት» አለች ሐኪሟ፣ ከጽሑፏ ቀና ሳትል።

የወንድሟ ጣት ቁጥር ሲጠራ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ሰማንያ አራቱ ስልኩ ላይ እንደነበረ ነበር፤ በሦስት አባዛው። እታለም ከአልጋው ከፍታ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። እሱም አየው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ በግማሽ ነጥብ ምክንያት ለቀናት የተሠራ ሳሙና አስደፍቶ፣ የሰው ቆዳ ይቃጠል ወይ እያለ ለሳምንት ሲያወራ የከረመ ሰው ነው። ቁጥሩን አየ፣ እንደገና አየ። ማን እንዳዘለው ያውቃል፤ የእናታቸው ቀብር ዕለት እሷ የስንት ዓመት ልጅ እንደነበረች ያውቃል፤ እሷ በሃምሳኛ ዓመቷ ሻማ እንዲያበራላት ብትጠይቀው በዚህ ዕድሜ ምን ሻማ ያስፈልጋል ያላት እሱ ራሱ ነው። እታለም ጠበቀችው። በሕይወቷ ብዙ ነገር ጠብቃዋለች፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ፣ ሥራ ሲይዝ፣ ሲያገባ። አሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

ወንድሟ ቁጥሩን አጠፋና ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እንግዲህ ለሦስት ወር ቀጠሮ ይስጡን» አለ።

እታለም ከአልጋው ወረደች። መቆም አስፈልጓት አልነበረም፤ ተንጠልጥሎ የሚነገር ነገር ስላልመሰላት ነው።

«ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው» አለች። «ከቀረብኝ አራት ዓመት አልፎታል።»

የሐኪሟ እስክሪብቶ ቆመ። የወንድሟ ሚስት ቀድማ ሳቀች፤ የምትስቅበት ነገር ግን ቶሎ አልመጣላትም። ከዚያ እጇን የሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ፣ እንደ ሴት ለሴት፣ ምስጢር እንደምታካፍል ሆና ተናገረች።

«እሷ እንዲህ ናት። ስትደነግጥ ዕድሜዋን ታበዛለች።»

«እኔ የማውቀው ሰው ሲደነግጥ ዕድሜውን ሲቀንስ ነው» አለች ሐኪሟ። ከዚያ ወደ እታለም ዞረች፤ እስካሁን አንቺ ስትላት ቆይታ አሁን «ይቀመጡ» አለቻት፤ ለወንድሟም «እርስዎ ይነሱላቸው» አለችው። ተነሳ። በዚያ ቀን በራሱ እግር የሠራው ቁም ነገር ይኸው ነበር።

ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ካንሰር አለብዎት ማለት አይደለም አለቻት ሐኪሟ፤ ቁጥሩ ለፍርድ አይደለም፣ ወዴት እንደሚኬድ ለመምረጥ ነው። ምናልባት እብጠቱ ወጥቶ ሲመረመር ምንም የማያስፈራ ነገር ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ነገር ግን የሚያወጣው ሰው የሚያስፈራ ነው ብሎ መነሳት አለበት፤ ሆድ ውስጥ ሳይፈነዳ፣ ከነከረጢቱ፣ በዚህ ሥራ ላይ በሠለጠነ እጅ። እኛ ጋ አይሠራም አለቻት። ትልቁ ሆስፒታል ያለው የሴቶች ካንሰር ሐኪም አዲስ ታማሚ የሚያየው ዛሬ ነው፣ ዛሬ ካመለጠ ወረፋው ይርቃል፣ አሁኑኑ ደውዬ አስይዝልዎታለሁ። ስልኩን አንስታ ስትነጋገር ካርዱ ላይ አርባ ሁለትን ሰርዛ ከጎኑ ሃምሳ ሦስት ጻፈች። ዞር ብላም ለእታለም ብቻ የሚሰማ ያህል፣ ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ ለሦስት ወር ልሸኝዎት ነበር እኮ አለቻት። ይህን ስትል ወንድሟን አላየችውም። ማየትም አያስፈልጋትም ነበር፤ የእሱን ስልክ ያየችው እታለም ናት።

ኮሪደሩ ላይ የወንድሟ ሚስት ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ሰው ፊት አዋረድሽን አለች። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ እስከ ማታ ለከተማው ትበትነዋለች አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ልትመጣ፣ ኬኩ ታዞ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ አንዲት ቀን መታገስ አቅቶሽ፣ ምን ቆረጠሽ? ሆስፒታል ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ፤ እስካሁን የቆየ ነገር ለአንድ ከሰዓት አይፈነዳም። ወንድሟ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠቢያ መመሪያ ያነብ ነበር። ሚስቱ ስትጨርስ፣ መለኪያው ራሱ አከራካሪ ነው፣ ሌላ ቦታ ናሙና እንደገና ቢሰጥ ጥሩ ነበር አለ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ እንግዳዋን ተቀብላ ከሸኘች በኋላ እሱ ራሱ በመኪናው እንደሚወስዳት ቃል ገባላት።

«ቁጥሩን አይተኸዋል» አለችው እታለም።

«የቱን ቁጥር?»

የተነገረው እንጂ የተጠየቀ ነገር አልነበረም። እታለም ብትሰድበው ኖሮ ለመታረቅ ይሯሯጥ ነበር፣ ብታለቅስ ኖሮ መሐረብ ያቀብላት ነበር፤ ዝም ስትለው ግን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። የመኪና ቁልፉን አውጥቶ አንቀጫቀጨው። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ጎተተችው፤ ተዋት፣ ስትራብ ትመጣለች አለችው። ስትራብ። ከወራት ወዲህ በዚያ ቤት ገበታ ላይ ምን ያህል እንደምትበላ ያየ ሰው አለመኖሩን እታለም ያረጋገጠችው በዚህች ቃል ነው። ሁለቱ ደረጃውን ወረዱ፤ እሷ ወረቀቶቿን ይዛ ታክሲ ፍለጋ ወጣች።

ታክሲው ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ባለ ቀለም መደብሩን አሰበችው። ሚስቱን ስንት ዓመት ሲያስታምም እንደኖረ አታውቅም፤ ያን የወፈረ መጋረጃ ግን አሁን ሌላ አድርጋ አየችው። ሰውን ብርሃን የሚያስቀይመው ሌሊቱን ሳይተኛ ሲቀር ነው። በአርባ ሁለት ዓመቷ ገብታ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ታማ፣ እሱ አጠገቧ እንደገና ሳይተኛ ሲያነጋ ታያት። እህትየዋ ሁለቱን ጥያቄ መጠየቋ ክፋት ነው ብላ ስታማት ሰንብታ ነበር። ከሁሉም መሐል ለሚወደው ሰው ብሎ ጥያቄ የጠየቀ እሷ ብቻ መሆኗ አሁን ነው የገባት፤ መልስ እንዳታገኝ የተደረገችውም እሷው ናት።

ሆስፒታሉ ትልቅና አሮጌ ነው። ኮሪደሩ የበረኪና ሽታ አለው፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሴቶች እንደ ባቡር ተሳፋሪ ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ እያንዳንዷ ጉልበቷ ላይ ፖስታ አስቀምጣለች። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ዕድሜ?» አላት። ሃምሳ ሦስት አለች። ጻፈው። ምንም አልሆነም፤ ጣሪያው አልወረደም፤ ከኋላዋ ያለችው ሴት እንኳን ዞር ብላ አላየቻትም። አግዳሚው ላይ ከአንዲት ፀጉሯን በሻሽ ከጠቀለለች ሴትዮ አጠገብ ቦታ አገኘች። ሴትዮዋ ብቻዋን መምጣቷን አይታ፣ ሰው የለሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት። አለኝ አለች እታለም፣ እንግዳ እየተቀበሉ ነው። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ የእኔዎቹ ደግሞ እዚሁ ናቸው፣ እታች ሻይ ቤት፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻል ይሆን እያልኩ ነበር አለቻት። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጠጋ አድርጋ ሰፊ ቦታ ለቀቀችላት።

ስልኳ የጮኸው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ወንድሟ ነበር፤ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ሴትዮዋ መጥታለች አላት። ተቀምጣለች፣ ኬኩን ወዳዋለች፣ እታለም የት ሄደች ስትል ሱቅ ሥራ በዝቶባት ነው ብለናታል፣ አሁን ግን ደግማ እየጠየቀች ነው። ከጀርባው የሻይ ማንኪያ ከብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል፤ የወንድሟ ሚስት ለሰው የምታወጣው ቀጭን ሳቋም ይሰማል። አንዲት ጠና ያለ ድምፅ ያላት ሴት አንድ ነገር ተናገረች፤ የወንድሟ ሚስት ስለ አየሩ መለሰችላት።

«ምን እንበላት?» አለ ወንድሟ።

«እውነቱን ንገራት። የት እንዳለሁ ንገራት። ዕድሜዬንም ንገራት።»

 ወንድሟ ሲተነፍስ ይሰማት ነበር፤ ልጅ ሆኖ ጥፋት አጥፍቶ ከበር ኋላ ሲደበቅም የሚያጋልጠው ይኸው አተነፋፈሱ ነበር። ለትንሽ ጊዜ፣ ይነግራታል ብላ አሰበች። አሰበችም ሳይሆን ተመኘች። የምርመራው ክፍል በር ተከፈተና አንዲት ነርስ ብቅ ብላ ዝርዝሩን አየች።

«ሃምሳ ብንላትስ?» አለ ወንድሟ።

እታለም ስልኩን ከጆሮዋ አላቀቀችና አየችው።

«ሃምሳ እኮ ጥሩ ነው» ሲል ይሰማ ነበር፣ ድምፁ ከሩቅ እንደ ትንኝ ቀጥኖ። «አይበዛም አያንስም። ሆስፒታሉን ደግሞ ለቀላል ነገር ነው እንላለን።»

ነርሷ ስሟን ጠራች። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ አይዞሽ ብላ ክርኗን ነካ አደረገቻት። እታለም ተነሳች፣ ቀሚሷን ከኋላ አስተካከለች፣ ስልኩን ሳትዘጋው ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችውና ወደ በሩ ሄደች። ከቦርሳው ውስጥ ወንድሟ አሁንም ዋጋ እየጨመረ ነበር። ሃምሳ አንድ፣ አላት። እታለም? እሺ ሃምሳ ሁለት፤ ከዚያ በላይ ግን አልችልም።